የታላቅዬ መድኃኒት

ያየችውን ባታይ ይሻላት ነበር፣ ግን አየች፣ በቃ። ገና ወገግ ሲል ውሃ ጠምቷት ተነሳችና የመስኮቱን መጋረጃ ጫፍ ገለጥ ብታደርግ፣ አባቷ ግቢው መሃል በካልሲ ቆሟል። በካልሲ! የገዛ ግቢው ውስጥ፣ የገዛ መኪናው አጠገብ፣ እንደ ዶሮ ሌባ ግራ ቀኙን እያየ። ከካፖርቱ ውስጥ አንዲት ጠርሙስ ሳብ አደረገና የጭነት መኪናዋን ነዳጅ ታንክ ከፍቶ ገለበጠባት፣ ለክቶ እኮ አይደለም፣ ሙሉዋን፣ ቂጧን መታ መታ እያደረገ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ። ከዛ ባዶዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ቆሻሻ በርሜሉ ሲሄድ ተረከዙ ላይ ያለው የካልሲው ቀዳዳ ታያት፣ እና ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ከሁሉ በላይ አንጀቷን የበላት ያ ቀዳዳ ነው። ወዲያው ግን ሌላው ነገር ትዝ አላትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ምክንያቱም ትናንት አመሻሽ ላይ፣ አባቷ ጢሙን ሲላጭ፣ እሷም ያንኑ የታንክ ቁልፍ ከበሩ ኋላ ካለው ምስማር ላይ አንስታ፣ ያንኑ ክዳን ከፍታ፣ የራሷን መድኃኒት ጨምራለች። እሷ እንኳ ለክታ ነው። ግን ጨምራለች።

መኪናዋ በዚህ ቤት ስም አላት፣ ታላቅዬ ትባላለች። አባቷ የገዛት ልጅቷ ልትወለድ ዓመት ሲቀራት ነው፣ ልጅቷም ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ከእናቷ አፍ "ታላቅሽ ተነሳች"፣ "ታላቅሽን አሟታል"፣ "ዘንድሮ ለታላቅሽ ጎማ እንጂ ላንቺ ጫማ የለም" ሲባል ስትሰማ ነው ያደገችው። ቀልድ ነው፣ ደግሞ ቀልድ ብቻም አይደለም። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ የልጅቷ አልጋ ከመስኮቱ ስር፣ መስኮቱ ደግሞ ከማርሚታው ትይዩ። ታላቅዬ ጠዋት ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ትስላለች፣ ትንዘፈዘፋለች፣ ከዛ ያንን ጥቁር ጭሷን ቀጥ አድርጋ በመስኮቱ ትለቀዋለች። ከመስኮቱ በላይ ያለው ግድግዳ ሦስት ጊዜ ተቀብቶ ሦስት ጊዜ ጠቁሯል። እናቷ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ አሳድራ አታውቅም፣ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ፣ ውሃው እየተንጠባጠበም ቢሆን፣ ማታ ማታ ሰብስባ ወንበርና አልጋ ራስጌ ላይ ትዘረጋዋለች። ካደረማ ጠዋት ከል ለብሶ ነው የሚገኘው። አንዴ የአባቷ ነጭ ሸሚዝ ተረስቶ አድሮ ግራጫ ሆኖ ሲገኝ እናቷ አንስታ አየችውና፣ ታላቅሽ የማንን ሐዘን ሰምታ ይሆን፣ አለች።

ከተማው የጭስ ምርመራ ካመጣ ወዲህ ነው ቀልዱ የቀረው። ማለፊያው የጭሱ ጥቁረት ከመቶ ሃምሳና ከዛ በታች ሲሆን ነው፣ ሦስት ጊዜ የወደቀች መኪና ታርጋዋ ተፈትቶ ወደ ቁርጥራጭ ብረት መጣያ ናት። ታላቅዬ መጀመሪያ ሰማንያ አንድ አመጣች፣ ቀጥሎ ሰባ አራት። ዛሬ ሦስተኛዋ ቀን ነበረች። ጉዱ ደግሞ ልጅቷ የምትሠራው እዛው ምርመራ ጣቢያ መሆኑ፣ የመለኪያውን ቱቦ ማርሚታ ውስጥ ከሚከቱት አንዷ እሷ መሆኗ። ሁለቱንም ጊዜ አባቷ የተሰለፈው በሌላኛው መስመር ነው፣ አውቆ። ሰው ልጄ አለችልኝ ብሎ እንዳይጠረጥረው፣ ወይም እሷ እንዳታፍር፣ ወይም እሱ እንዳያፍር፣ ማን ያውቃል፣ ተናግሮ አያውቅም። የወደቀ ቀን ቤት ገብቶ ጫማውን አወለቀ፣ እሷም ምሳ ዕቃዋን አጠበች፣ ስለ ጭስ አንድም ቃል አልተነሳም። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። ሦስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ከቦ፣ መስኮቱ ላይ ጥላሸቱ እየታየ፣ ስለ ዳቦ መወደድ ያወራል።

የአባቷን ጠርሙስ ምንጭ ሳትጠይቅ አውቃዋለች። የእናቷ ወንድም ነዳጅ ማደያ በር ላይ ቆሞ፣ የሞተር ሐኪም ነኝ እያለ በአራት መቶ ሃምሳ የሚሸጣት ናት፣ ሹፌሮቹም ዶክተር ይሉታል፣ ዶክተሩ ራሱ መኪና የለውም። የእሷ ግን እውነተኛው መድኃኒት ነው፣ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ፣ የወር ትራንስፖርቷን ቆርጣ፣ ከታሸገበት። ለአሥር ሊትር አንድ ክዳን ይላል ወረቀቱ። ከስሩ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ ታንኩ ያረጀ ከሆነ መድኃኒቱ የቆየውን ዝቃጭ ስለሚያላቅቅ ፊልትሮው፣ የናፍጣ ማጣሪያው፣ ቶሎ ይቀየር ይላል። ልጅቷ ይህን አንብባ፣ ምርመራው ይለፍ እንጂ ቅዳሜ በሆነ ሰበብ "አባዬ ፊልትሮ ቀይር" እለዋለሁ ብላ አስባ ነበር። እንጂማ በግልጽ አትነግረውም። አንደኛ አይቀበላትም። ሁለተኛ ጣቢያው ሕግ አለው፣ የሚመረመር መኪና ነዳጅ ላይ እጁ የተገኘ ሠራተኛ በዛው ቀን ይሰናበታል፣ አምና በረኛው ለአንድ ታክሲ ሹፌር አንዲት ጠርሙስ አቀብሎ የደረሰበትን ሁሉም አይቷል። በዚህ ቤት ደግሞ ወር ጠብቆ የሚገባው የእሷ ደሞዝ ብቻ ነው።

ቁርስ ቀረበ። አባቷ ዳቦውን ሻዩ ውስጥ እየነከረ በመስኮት ታላቅዬን ያያል። እናቷ የኮሌጅ ወጥ ቤት ድንች ጠባሽ ናት፣ ከእጇ የጥብስ ዘይት ሽታ አይለቅም፣ ዛሬ ግን ገና ሥራ ሳትሄድ ሽታው ከወትሮው በርትቶ ነበር። ለሳሙና መሥሪያ ያገለገለ ዘይት የምታመጣባት ቢጫ ጀሪካንም ከበሩ ጥግ የለችም፣ ግን እንዲህ ባለ ጠዋት ማን ጀሪካን ያያል። "ቀስ ብለህ ንዳት" አለች እናቷ። አባቷ ቁልፉን ከምስማሩ አነሳ። ታላቅዬ ደግሞ አንዴ ብቻ ሳለችና ተነሳች፣ ጭሷም ሳሳ ያለ፣ ግራጫ። ሦስቱም አዩት።  አባቷ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ፈገግታውን በመዳፉ ሲሸፍን ልጅቷ አይታ፣ ምናልባት፣ አለች በሆዷ፣ ምናልባት የሁለታችንም ተደምሮ ይጠቅም ይሆናል።

ጣቢያው ውስጥ አፍንጮ ነው የሚሏት። የመለኪያው ማሽን ቁጥር ሳያወጣ በፊት እሷ ጭሱን አሽትታ፣ ይሄ ናፍጣው ላምባ ተቀላቅሎበታል፣ ይሄ ዘይት ይበላል፣ ትላለች፣ ስታ አታውቅም። ሹፌሮች ይወራረዱባታል። ኃላፊውን ደግሞ ማኅተሙ ይሉታል፣ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ስለማያውቅ፣ ሽንት ቤት እንኳ ይዞት ነው የሚገባው። ያን ቀን ጠዋት ማኅተሙ መጥቶ፣ የሁለተኛው መስመር ማሽን ተበላሽቷል፣ ሁሉም በአንቺ በኩል ያልፋል፣ አላት። ልጅቷ ሰልፉን አየች። ከሲሚንቶ መኪናው ኋላ፣ ከሁለት ሚኒባስ ቀጥሎ፣ ታላቅዬ አለች። አባቷም መስመሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፣ ወደ ኋላ ሊመለስ መሪ ሁሉ ጠምዝዞ ነበር፣ ግን ከኋላው ተዘግቷል። ማኅተሙ ጠጋ ብሎ ጆሮዋ ስር፣ "አባትሽ መሆኑን አውቃለሁ። ቱቦው አንድ ጣት ወጣ ቢል እዚህ ሆኜ አያለሁ" አላት። ልጅቷ ቱቦውን እስከ ምልክቱ ከተተችው፣ እንዲያውም ከምልክቱ አሳልፋ፣ ክንዷ እስኪቃጠል።

አባቷ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጠ። ታላቅዬ ጮኸች። ልጅቷ እንደ ልማዷ አፍንጫዋን ወደ ጭሱ መለስ አደረገች። መጀመሪያ የራሷ መድኃኒት ሽታ፣ ያ የሚቆረቁር። ከስሩ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል፣ የዶክተር ጠርሙስ መሆኑ ነው። ከሁለቱ በላይ ደግሞ፣ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ሽታ፣ የተጠበሰ ድንች። ቢጫዋ ጀሪካን! ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ትሰማለች፣ ያገለገለ የምግብ ዘይት ናፍጣ ላይ ሲጨመር ጭስ ይቀንሳል ሲባል ሰምታ፣ ትናንት ይሁን ዛሬ ሌሊት፣ እሷም በተራዋ ያችን ቁልፍ አንስታለች። ከኋላ ያሉት ሹፌሮች ሽታው ደርሷቸው፣ "ሼባው፣ ምሳ ደረሰ?" አለ አንዱ፣ ሌላው ደግሞ "ጨው አታብዛበት፣ ግፊት አለብኝ" ብሎ አከለበት፣ አባቷም የሚሉት ሳይገባው በመስኮቱ እጁን አወዛወዘላቸው። አርባ ስድስት። ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ስምንት። ማሽኑ ሦስቱን አማክሎ አርባ አንድ አለ። ማኅተሙ መነጽሩን አውልቆ ማሽኑን አየ፣ ቱቦውን አየ፣ ከዛ ማኅተሙን አወጣ።

አባቷ ወረቀቱን ተቀበላት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አላት፣ እንደ ባዳ፣ ሰው ፊት ስለሆነ፣ ዓይኑ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚላት፣ ሁለት ወር ሙሉ ያላየችውን ዓይኑን ነው ያሳያት። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ለጠፈ፣ ማርሽ አስገባ፣ ወደ መውጫው በር ሄደ። እና በሩ አፍ ላይ፣ ግማሿ ውጭ ግማሿ ውስጥ ሆና፣ ታላቅዬ አንዴ ተንዘፈዘፈችና ቀጥ አለች።

ከኋላዋ አሥራ ስምንት መኪና። ጥሩምባው ሰማይ ምድሩን ደበላለቀው። አባቷ ወርዶ ፊልትሮውን ሲፈታ፣ ከውስጡ የወጣው ናፍጣ አልነበረም፣ እንደ ተቃጠለ ማርማላታ የተጓጎለ ጥቁር ነገር ነው፣ ሃያ ምናምን ዓመት ታንኩ ወለል ላይ ተኝቶ የኖረ ዝቃጭ፣ ሦስት ሰው በሦስት መድኃኒት ቀስቅሶት የመጣ። ልጅቷ አምስት እርምጃ ያህል ርቃ ቆማለች። አባቷ ወደ ጋቢና ተመልሶ ከወንበሩ ስር ቁራጭ ጎማ ቱቦ ይዞ ሲመጣ፣ ሊያደርግ ያለው ገባት። የድሮ ሹፌር ሁሉ የሚያውቃት ዘዴ ናት፣ ፊልትሮው ሲደፈን እሱን ዘልሎ ናፍጣውን ከታንክ በቀጥታ ወደ ሞተር ከሚገፋው ፖምፓ ጋር ማገናኘት፣ ቤት እስኪገቡ። ታንኩ ንጹህ ቢሆን ምንም አይደል። አሁን ግን ያ ሁሉ ዝቃጭ ማጣሪያ የሚባል ሳያገኘው ቀጥ ብሎ ፖምፓው ልብ ውስጥ ነው የሚገባው። አባቷ ታንኩ ውስጥ ያለው ያቺ የእሱ ጠርሙስ ብቻ ነው ብሎ ያስባል። የሦስቱንም የምታውቅ በዚህ ዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት። "አባዬ ተው" የምትል ሁለት ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጣች። ማኅተሙ አጠገቧ ቆሞ ያን ጥቁር ነገር በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና፣ "ምን ጠጥታ ነው እንዲህ ያስመለሳት?" አለ፣ ወደ እሷ እያየ፣ ቀስ ብሎ።

"አላውቅም" አለች።

አባቷ ቀና ብሎ አያት። ቱቦውን በሽቦ እያሰረ፣ እሷ አለቃዋ ፊት የተጨነቀች መስሎት፣ "አይዞሽ፣ አሁን መንገዱን እለቅላችኋለሁ" አላት። ለእሷ ብሎ ነበር የሚቸኩለው። ሞተሩ ተነሳ፣ ሹፌሮቹ አጨበጨቡ፣ ታላቅዬም አርባ አንድ የሚለውን ወረቀት ግንባሯ ላይ ለጥፋ ቁልቁል ወረደች። ልጅቷ ከዛ በኋላ ስንት መኪና እንደለካች አታስታውስም። አንዱ ሹፌር፣ አፍንጮ፣ ይሄ ላምባ አለበት የለበትም፣ ብሎ ተወራርዶ ቢጠይቃት፣ ጉንፋን ይዞኛል አለችው።

ማምሻውን አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ስትሄድ፣ አቀበቱ ጋ መንገዱ ተጨናንቆ አውቶቡሱ ያዘገማል፣ ሰው ሁሉ በግራ መስኮት ያያል። እሷ ሳታይም አውቃዋለች። ወረደች። ታላቅዬ ቦይ ዳር ጋደል ብላ ቆማለች፣ አባቷ ደረጃዋ ላይ ተቀምጧል፣ ከቀትር ጀምሮ መሆኑ ከንፈሩ ያስታውቃል፣ ደርቋል። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ፖምፓው ነክሶ፣ አልዞር ብሎ ቀርቷል አለ፣ የዚህን መኪና ፖምፓ አዲሱን ካገኙት ዋጋው ከመኪናዋ ይበልጣል፣ አሮጌው ደግሞ ከአሁን ወዲያ አይጠገንም። ከዛ ጣቱን አሽትቶ ራሱን ነቀነቀ። "ሲያጌጡ ይመላለጡ አሉ። ማን ነው ይሄን ሁሉ ያጠጣት?"

"እኔ ነኝ" አለ አባቷ።

 አባቷ ጋቢና ገብቶ ብርድ ልብሱን፣ መጥረጊያ ጨርቁን፣ የጢም መላጫ መስታወቱን አወጣ፣ ወረቀቱን ግን መስታወቱ ላይ ተወው። በሯን ቆለፈ፣ ቁልፏን ኪሱ ከተተ፣ ጎን ለጎን በእግራቸው ሄዱ። አርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ብርድ ልብሱን እሷ ያዘችለት። የተነጋገሩት አንዴ ብቻ ነው፣ መንገድ ሲሻገሩ፣ "ወደዚህ ነይ፣ ጭቃ አለ" አላት።

ቤት ሲደርሱ እናቷ ገብታለች፣ ፊታቸውን አየች። ግቢው ባዶውን ሲሆን እንዴት ሰፊ እንደሆነ! አባቷ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ በርሜሉ ሄዶ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለችውን ይዞ ተመለሰና ጠረጴዛው ላይ ፈታት። "ጥፋቱ የኔ ነው። ወንድምሽ ግማሹን ብቻ ብሎኝ ነበር፣ እኔ ሙሉዋን ደፋሁባት፣ ሞተች" አለ ለእናቷ። እናቷ ጠርሙሷን አየች፣ እሱን አየች። ከዛ ወጥታ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ስር ቢጫዋን ጀሪካን አምጥታ ከጠርሙሷ ጎን ገተረቻት። "በሻሽ አጥልዬው ነበር እኮ" አለች፣ "ሦስቴ ነው ያጠለልኩት።" አባቷ ጀሪካኗን አየ። ጠዋት ሹፌሮቹ ለምን ስለ ምሳ እንደቀለዱበት አሁን ነው የገባው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ልጅቷ ያለቀሰ መስሏት ደነገጠች፣ ግን እየሳቀ ነበር፣ እናቷም ከንፈሯን ነክሳ ነክሳ አልሆነላትም። "ድንች ጠባሽ!" አላት። "አንተ ደግሞ የዶክተር ታካሚ" አለችው። ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ሳቅ አልተሰማም።

እዛ ላይ ልትተወው ትችል ነበር። ማንም አልጠየቃትም፣ ማንም አልጠረጠራትም። የእሷ ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ በምሳ ዕቃዋና በሥራ ካፖርቷ መሃል ተኝታለች፣ ነገ መንገድ ላይ ብትጥላት ያልቅ ነበር። ሁለቱ እየሳቁ ሳሉ አወጣቻትና ከሁለቱ ጎን አስቀመጠቻት።

ሳቁ ቀስ ብሎ ነው ያቆመው። አባቷ መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን እያዞረ ያነብ ጀመር፣ መጀመሪያ ትልልቁን ፊደል፣ ለአሥር ሊትር አንድ ክዳን የሚለውን፣ ከዛ ጠርሙሷን ወደ አምፖሉ አስጠግቶ ደቃቁን። ደቃቁ ላይ ቆየ። ጣቱ ፊልትሮ የምትለዋ ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ፊልትሮውን ስዘልለው አጠገቤ ነበርሽ" አለ። ጥያቄ አልነበረም።

"ነበርኩ፣ አባዬ።"

አባቷ መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ተነሳ፣ ቁልፏን ከሱሪው ኪስ አውጥቶ ከበሩ ኋላ ወዳለው ምስማር ሄደ፣ እዛ ጥግ ጨለማ ስለነበር መጀመሪያ ሳተው፣ በሁለተኛው ሰቀላት፣ ወደ መኝታው ገባ። እናቷ ሦስቱን ዕቃዎች ሳትነካ፣ እንደ ማታ ልማዷ ልብስ ልታስገባ ወጣች። ልጅቷ በመስኮቱ አየቻት። የአባቷን ነጭ ሸሚዝ ዳበስ አደረገችው፣ እርጥብ ነበር፣ መቆንጠጫውን ግማሽ ድረስ ፈታች። ከዛ ታላቅዬ ትቆምበት ወደነበረው ቦታ ዞር ብላ፣ የዘይት ነጠብጣቡን እያየች ቆየች። መቆንጠጫውን መልሳ አጠበቀች፣ ባዶ እጇን ገባች፣ በሩንም ዘጋችው።